ቃሉ የማን ነው? የሎሬታ ሊን ረጅም መንገድ

ካንትሪ ሙዚቃ ለኛ ጆሮ ባዳ አይደለም። በካሴት ዘመን የነበሩ ታላላቆቻችን ኬኒ ሮጀርስን፣ ዶሊ ፓርተንን፣ ዶን ዊሊያምስን ግጥሙ ሙሉ በሙሉ ባይገባቸውም አብረው ያንጎራጉሩ ነበር። እኔም ወደዚህ ሙዚቃ የገባሁት በነሱ በር ነው። ሎሬታ ሊንን ያገኘኋት ግን ዘግይቼ ነው። ካገኘኋት በኋላ ደግሞ ከድምጿ ይልቅ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። አንዲት ሴት መድረክ ላይ ወጥታ "እኔ" ብላ ስትዘፍን፣ ያ "እኔ" የማን ነው? የዘፋኟ? የግጥም ጸሐፊው? ወይስ ውል ያስፈረማት ኩባንያ?

የሎሬታ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ተረት ነው። የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ ድሃ፣ ጊታር አገኘች፣ ኮከብ ሆነች፣ አለቀ። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ፊልምም ወጥቶታል። እኔ ግን ታሪኩን በቃሉ በኩል ልከተለው። ቃሉን ከየት አመጣችው? ምን አደረገችበት? ማን ወሰደባት? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሎሬታ በፊት

በ1952 ሃንክ ቶምሰን የሚባል ዘፋኝ ከባድ ተወዳጅነት ያገኘ ዘፈን ነበረው፤ ፍቅሩን ትታ ወደ መጠጥ ቤት ሕይወት የተመለሰችን ሴት የሚወቅስ። በዚያው ዓመት ኪቲ ዌልስ የምትባል ሴት የመልስ ዘፈን አወጣች። ሴቶቹን እዚያ ያደረሳቸው የወንዶቹ ክህደት ነው የሚል መልስ ነበር። ኤንቢሲ ሬዲዮ ዘፈኑን አላስተላልፍም አለ። ሰው ግን ሸክላውን ገዛው፤ ዌልስም በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ትልቅ ድል ነው። ግን የመልሱን ግጥም የጻፈው ጄ. ዲ. ሚለር የሚባል ወንድ ነበር። ዌልስም ብትሆን ወደ ስቱዲዮ የሄደችው ለቀረጻው የሚከፈለውን 125 ዶላር አስባ እንደነበር በኋላ ተናግራለች። ይህን የምለው ዘፈኑን ለማሳነስ አይደለም። የዘመኑ ወግ እንዲህ ስለነበረ ነው። ሴት ድምፅ ታዋጣለች፤ ግጥሙ፣ ቀረጻው፣ ሬዲዮ ጣቢያው፣ ኩባንያው በወንድ እጅ ነው። ሴትየዋ ብትቆጣ እንኳ ቁጣዋን የሚጽፍላት ሌላ ሰው ነው።

በኛም አገር ነገሩ ሩቅ አይደለም። የድሮ ካሴት ሽፋን ገልበጥ አድርጋችሁ ካያችሁ "ግጥም"፣ "ዜማ"፣ "ቅንብር" ተብሎ ስም ተዘርዝሯል፤ የዘፋኟ ፎቶ ከፊት ነው፣ ግጥሙ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ነው። ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ባላቸውን፣ አማታቸውን፣ ድህነታቸውን እያነሱ ያንጎራጎሩ እናቶች ደግሞ ግጥሙ የራሳቸው ነበር፤ ስማቸውን የጻፈ ሽፋን ግን የለም። ሎሬታን ስሰማ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ እናቶች ናቸው፤ ልዩነቱ የእሷ እንጉርጉሮ ሸክላ ላይ መውጣቱ ነው።

ከስርጡ ውስጥ

ሎሬታ ዌብ የተወለደችው በ1932 ሚያዝያ ወር፣ በኬንታኪ ግዛት ምሥራቃዊ ተራሮች ውስጥ፣ ቡቸር ሆሎው በሚባል ጠባብ ስርጥ ነው። ከስምንት ልጆች ሁለተኛዋ ነበረች። አባቷ ቴድ ዌብ ቅርብ በሆነችው ቫን ሊር የድንጋይ ከሰል ይቆፍር ነበር። ቫን ሊር ራሷ የኩባንያ ከተማ ነበረች፤ የቆረቆራት ኮንሶሊዴሽን ኮል የተባለው ድርጅት ሲሆን ስሟንም ያገኘችው ከድርጅቱ ዳይሬክተሮች ከአንዱ ነው። ሥራውም፣ ቤቱም፣ ሱቁም የአንድ ጌታ በሆነበት አካባቢ ገንዘብ ከኪስ የሚወጣው ገና ሳይገባ ነው። በሌሊት ጉድጓድ ገብቶ ጠቁሮ የሚወጣ አባት፣ እጇ በልብስ ሰሌዳ የተላጠ እናት፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሚደራረቡ ልጆች። በኋላ ዓለም ያወቀው ዘፈኗ የተቀዳው ከዚህ ነው።

እናቷ ክላራ የቤቱን ግድግዳ በመጽሔት ገጾች ትለጥፈው ነበር። ሎሬታ እንደምትለው ስሟን ያገኘችው ከዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከፊልም ተዋናይቷ ሎሬታ ያንግ ነው። ሌላው የውጭ ዓለም መስኮት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ነበር። ቅዳሜ ማታ ከናሽቪል የሚተላለፈውን ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለ የካንትሪ መድረክ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያዳምጣል። ያ ፕሮግራም ከ1925 ጀምሮ የሚተላለፍ ነው፤ ለተራራው ሕዝብ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀን የሚጠበቅ ነገር ነበር።

በ1948 ጥር ወር ኦሊቨር ሊን የሚባል፣ ሁሉም "ዱሊትል" የሚለው የ21 ዓመት ጎረምሳ አገባት። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ነበር፤ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ መሞት አልፈለገም። ስለዚህ ከአገሪቱ ጫፍ ጫፍ ተሻግሮ፣ በካናዳ ድንበር አጠገብ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ወዳለችው ከስተር ሄደ፤ እሷም ነፍሰ ጡር ሆና ተከተለችው። ከእናቷ፣ ከወንድሞቿ፣ ከቋንቋ ዘዬዋ ሳይቀር ተለየች። የሰው ቤት እያጸዳች፣ ለሠራተኛ እየቀቀለች የሃያዎቹን ግማሽ ሳታልፍ አራት ልጆች ወለደች።

እዚህ ላይ ዱሊትል ለአሥራ ሰባት ዶላር ገደማ አንድ ሃርመኒ ጊታር ገዛላት። ልጆቿን ስታስተኛ ስታንጎራጉር ሰምቷት ነው። ይህ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀላል ሰው አይደለም። ይጠጣ ነበር፤ ሌሎች ሴቶች ጋ ይሄድ ነበር፤ ይጣሉ ነበር፣ በእጅም ጭምር። ነገር ግን "አንቺ ትችያለሽ" ያላት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ወደ መጠጥ ቤት ይዟት ሄዶ ባንዱን "ሚስቴን አዘፍኑልኝ" ያለውም እሱ ነው። ሰውየውን ጻድቅ ማድረግም፣ ጭራቅ ማድረግም ይቀላል፤ እሷ ግን ሁለቱንም አላደረገችም። እንዳለ ጻፈችው።

ሸክላ በፖስታ

በ1960 ኖርም በርሊ የሚባል የካናዳ ነጋዴ ስትዘፍን አይቷት ዚሮ ሬከርድስ በሚባል ትንሽ ኩባንያ ስም እንድትቀዳ ገንዘብ አወጣላት። "አይም ኤ ሆንኪ ቶንክ ገርል" የሚለውን የራሷን ዘፈን ሎስ አንጀለስ ሄዳ ቀዳችው። መጠጥ ቤት ተቀምጣ ትዝታዋን በቢራ የምታባርር ሴት ታሪክ ነው።

ኩባንያው ማሰራጫ አልነበረው፣ ማስታወቂያ አልነበረው። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ማሰራጫ ሆኑ። ዱሊትል ፎቶ አነሳት፤ ፎቶውን ከሸክላው ጋር በሺዎች እየጠቀለሉ በመላ አገሪቱ ላሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች በፖስታ ላኩ። ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ከጣቢያ ጣቢያ መዞር ጀመሩ። ዳቦ በሞርታዴላ እየበሉ፣ መኪና ውስጥ እያደሩ። የሬዲዮ ምሰሶ ባዩበት ይቆማሉ፤ እሷ ገብታ "ሸክላዬ ደርሷችኋል ወይ?" ትላለች። ብዙ ቦታ ሸክላው ሳይሰማ ተቀምጦ ነበር፤ እሷ ፊታቸው ስትቆም ግን ያጫውቱታል።

ይህን ነገር ዛሬ ዘፈኑን በስልኩ ቀድቶ፣ ሊንኩን ለሰው ሁሉ እየላከ "እባካችሁ ሼር አድርጉልኝ" የሚል ወጣት በደንብ ይረዳዋል። መንገዱ ተለውጧል፤ በር ማንኳኳቱ ግን ያው ነው። ዘፈኑ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 14ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሎሬታ በልጅነቷ በባትሪ ሬዲዮ ትሰማው በነበረው በኦፕሪ መድረክ ላይ ቆመች።

ናሽቪልና ግጥሙ

ናሽቪል ግን ወዲያው የራሷን ቃል አልጠየቃትም። ዴካ የተባለው ትልቅ ኩባንያ አስፈረማት፣ ኦወን ብራድሊ የሚባለው ስመ ጥር ፕሮዲዩሰር ያዛት፤ በ1962 ከአሥሮቹ ውስጥ የገባላት የመጀመሪያ ዘፈን "ሰክሰስ" ጆኒ ሙሊንስ የሚባል ሰው የጻፈው ነበር። በዚህ ጊዜ ከጎኗ የቆመችው የዘመኑ ንግሥት ፓትሲ ክላይን ነች። ፓትሲ የመኪና አደጋ ደርሶባት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሎሬታ በሬዲዮ የእሷን ዘፈን ለእሷው መታሰቢያ አድርጋ ስትዘፍን ሰማች፤ አስጠራቻት፤ ጓደኛሞች ሆኑ። ልብስ ሰጠቻት፣ አለባበስና አነጋገር መከረቻት። በ1963 ፓትሲ በአውሮፕላን አደጋ ሞተች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሎሬታ የራሷን ግጥም ይዛ ብቅ አለች። ከሕይወት ጋር እየተጠጋጉ የሄዱትን እንይ።

በ1966 "ዩ ኤይንት ውማን ኢናፍ" ወጣ። ከመድረክ ጀርባ አንዲት አድናቂዋ መጥታ ባሌ ሌላ ሴት ይዞ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል ብላ ስታለቅስባት፣ ሎሬታ በመጋረጃው ሾልካ ሴትየዋን አየቻት፤ ዘፈኑም ከዚያ ተወለደ። በዚያው ዓመት "ዲር አንክል ሳም" መጣ፤ ባሏ ለቬትናም የተመለመለባት ሚስት ለመንግሥት የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ቀጥሎ ከእህቷ ከፔጊ ሱ ጋር የጻፈችው፣ ሰክሮ እየመጣ ፍቅር ለሚጠይቅ ባል የተላከ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ይህ በ1967 መጀመሪያ አንደኛ የወጣላት የመጀመሪያ ዘፈን ሆነ። በ1968 "ፊስት ሲቲ" ተከተለ፤ ባሏን ለምታሽኮረምም አንዲት ሴት በቀጥታ የተላከ ዛቻ። በ1972 ደግሞ "ሬትድ ኤክስ"፤ የፈታች ሴት በሰፈር ዓይን እንዴት እንደምትታይ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ዘፈኖች ሰልፍ የወጡ አይደሉም። ሎሬታ የትኛውም እንቅስቃሴ አባል ነኝ ብላ አልጻፈቻቸውም። ጎረቤት ለጎረቤት በቡና ላይ የሚያወራው ነገር ነው። ልዩነቱ፣ ሸክላ ላይ የወጣ ጊዜ ሚሊዮኖች "ይሄማ የኔ ቤት ነው" አሉ። ናሽቪል ለሴቶች የሚጽፉ ጎበዝ ወንዶች አላጣም ነበር፤ ያጣው ሊጥ የነካው እጅ የጻፈውን ግጥም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ እውቅናዋ የመጣው ከስርጡ ስለወጣች አይደለም፤ የስርጡን አነጋገር ይዛ ስለወጣችና ይስተካከል ሲሉት እምቢ ስላለች ነው።

በ1972 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አርቲስት የሚለውን ትልቁን ሽልማቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት ሰጠ። ሴትየዋ እሷ ነበረች።

በመቀስ የቀረው ግጥም

ስሟ የተያያዘበት ዘፈን ግን "ኮል ማይነርስ ዶተር" ነው፤ የከሰል ቆፋሪው ልጅ። በ1970 ወጥቶ በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ ሆነ። ውሽማ የለበት፣ ዛቻ የለበት፤ አባት፣ እናት፣ ቤት፣ ሬዲዮ፣ ጫማ ብቻ። አባቷ በ1959 ሞቶ ነበር፤ ልጁ ስትዘፍን በሬዲዮ አልሰማም።

በዚህ ዘፈን ውስጥ የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር አለ። ሎሬታ መጀመሪያ የጻፈችው ግጥም አሁን ከምንሰማው በጣም ይረዝም ነበር። ኦወን ብራድሊ ለሸክላ አይሆንም፣ አሳጥሪው አላት። የሬዲዮ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ነው። ብዙ አንጓዎችን ቆርጣ ስቱዲዮው ውስጥ ተወቻቸው፤ ተመልሰው አልተገኙም። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ብራድሊ ተሳስቷል ማለት ይከብዳል፤ ዘፈኑ በአጭሩ ነው አንደኛ የወጣው። ግን የአንድ ስርጥ ታሪክ፣ የተጻፈው አንዴ ብቻ፣ እኩሌታው ወለል ላይ ቀረ።

ይህ በመቀስ የቀረው ነው። በወረቀት የተወሰደው ደግሞ ሌላ ነው።

ሎሬታ ናሽቪል ስትደርስ ደጃፉን የከፈቱላት የዊልበርን ወንድማማቾች ነበሩ፤ ዴካ ጋ ያገናኟት፣ በቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው ያወጧት እነሱ ናቸው። በለውጡም ሹር ፋየር ከሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅታቸው ጋር ውል ፈረመች። ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ቀረጻው፣ ሌላው ግጥምና ዜማው። ሬዲዮ ባጫወተው ቁጥር፣ ሌላ ሰው በዘፈነው ቁጥር፣ ፊልም በገባ ቁጥር ግጥምና ዜማው ገንዘብ ያመጣል። አሳታሚ ማለት ያን መብት የያዘ ወገን ነው። ስለዚህ "እኔ" ብላ የጻፈችው ሕይወት በሕግ ፊት የሌላ ሰው መዝገብ ላይ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዊልበርኖች ጋር ተለያዩ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ገብቶ ለዓመታት ተጓተተ፤ የዘፈኖቿም መብት እነሱ ጋር ቀረ። ያኔ ሎሬታ የራሷን ዘፈን መቅዳት እየቀነሰች መጣች። እንደምትለው፣ የምትጽፈው ሁሉ ወደ እነሱ የሚሄድ ከሆነ መጻፉ ምን ሊያደርግላት? ሌሎች የጻፉላትን መዝፈን ጀመረች። በ1975 ያወዛገበው ስለ ወሊድ መከላከያ ክኒን የሚያወራው "ዘ ፒል" እንኳ መነሻው የሌሎች ጸሐፊዎች ሥራ ነው። ዘፈኑን ብዙ ጣቢያዎች አናጫውትም አሉ፤ እንዲያም ሆኖ በካንትሪ ሰንጠረዡ አምስተኛ ደረሰ። ቁጣው የእሷ ነው፤ አራት ልጅ ወልዳ፣ በኋላም መንታ ጨምራ ስድስት ያሳደገች ሴት ስትዘፍነው ሌላ ትርጉም አለው። ግን ካስተዋልን ታሪኩ ዞሮ ወደ ኪቲ ዌልስ ወግ ተጠግቶ ነበር። ስሟ በገነነበት ሰዓት ብዕሯ ዝም አለ።

መጽሐፉና የልደት ወረቀቱ

በ1976 ጆርጅ ቬክሲ ከተባለ ጋዜጠኛ ጋር ሆና የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች፤ በ1980 ፊልም ሆነ፤ እሷን ሆና የተወነችው ሲሲ ስፔሴክ ኦስካር አገኘችበት። መጽሐፉም ፊልሙም በ13 ዓመቷ እንዳገባች ይነግሩናል፤ ዓለምም እንዲያ ብሎ ተቀበለ። በ2012 ግን አሶሽየትድ ፕሬስ የልደትና የጋብቻ ሰነዶቿን አግኝቶ አወጣ። ከምትለው በሦስት ዓመት ትበልጥ ነበር፤ ስታገባ 15 ዓመቷ ነበር።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ "ታዲያ ሁሉም ውሸት ነዋ!" ይላል። እኔ እንዲያ አላየውም። በመዝናኛው ዓለም ዕድሜዋን የቀነሰች የመጀመሪያዋ ሴት አይደለችም፤ ዕድሜ ሲቀነስ ደግሞ ሠርጉም አብሮ ይቀነሳል። አሥራ አምስትም ቢሆን ልጅነት ነው። ለኔ የሚገርመኝ ሌላው ነው። አንድን ሰው ለማወቅ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የልደት ወረቀቱን ሳያይ ማለፍ የለበትም። ግን ወረቀቱ ስለ ዓመቷ እንጂ ስለ ቤቷ አይናገርም። ባል ሰክሮ ሲመጣ የሚሰማት ምን እንደሆነ በየትኛውም መዝገብ ቤት የለም። እሱ ያለው ዘፈኖቹ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ግጥሙን ማን እንደጻፈው መጠየቅ የሐሜት ጉዳይ ያልሆነው፤ የማስረጃ ጉዳይ ነው።

ብዕሩ ሲመለስ

ዱሊትል በ1996 ሞተ፤ አርባ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረዋል። ሰው ሁሉ ሎሬታን የትናንት ሰው አድርጎ ወደ ሙዚየም ሊሸኛት ሲል፣ በ2004 ጃክ ዋይት ከሚባለው፣ ልጇ ሊሆን ከሚችል የሮክ ሙዚቀኛ ጋር "ቫን ሊር ሮዝ" የተባለ አልበም አወጣች። ስሙን ልብ ብላችኋል? ያችው የኩባንያ ከተማ ናት። ዕድሜዋ 72 ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዘፈኖቹን ከሞላ ጎደል በሙሉ ራሷ ነበር የጻፈቻቸው። እናትና አባቷ፣ የሞተው ባሏ፣ ውሽሞቹ፣ ብቸኝነቷ፤ ሁሉም ተመልሰው መጡ። አልበሙ ሁለት ግራሚ አሸነፈ።

በ2013 ባራክ ኦባማ የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳይ ሸለሟት። በ2022 ጥቅምት ወር፣ በ90 ዓመቷ፣ ቴነሲ ውስጥ ሃሪኬን ሚልስ በሚባለው መኖሪያዋ እንደተኛች አረፈች።

ሽልማቶቹ ጥሩ ናቸው። እኔን የሚያስደስተኝ ግን የ72 ዓመቷ አልበም ነው። አንዲት ሴት ቃሏን ከስርጥ ይዛ ወጣች፣ ግማሹን በመቀስ አጣች፣ መብቱን በፊርማ አስረከበች፣ ለዓመታት ዝም አለች፤ በስተርጅና ደግሞ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈች። ለምትጽፉና ለምትዘፍኑ ልጆች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ብትወስዱ ይበቃኛል። አንደኛው፣ ሰፈራችሁ የሚያወራውን በሰፈራችሁ አፍ ጻፉት፤ ሌላ ሰው የማይጽፍላችሁ እሱን ነው። ሁለተኛው፣ ደጃፍ የከፈተላችሁን ሰው አመስግኑት፣ ወረቀቱን ግን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት።